የእንጨት ገበቴ ሲሰነጠቅ፦ ስለ ጥገናውና ስለ ቅቡ

የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ በእጅ ከተሠሩ የእንጨት ሳህኖችና ገበቴዎች ጋር የተያያዙ ናቸው። ከፊሎቹ የመጡት ከጠራቢዎች ሲሆን የቀሩት ደግሞ ዕቃውን ገዝተው ወይም ከቤተሰብ ተቀብለው ከሚገለገሉበት ሰዎች ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ከዋንዛ ግንድ በመጥረቢያና በመሮ እየፈለፈልሁ ሳህን እሠራለሁ። ስጠርበው ምንም እንከን ያልነበረበት ሳህን በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ከከንፈሩ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በሰጋቱራና በኮላ ሞልቼ፣ አለስልሼ እሸጠዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ገዢዎች ከጥቂት ወራት በኋላ “እዚያው ቦታ ላይ ተከፈተ” እያሉ ይመልሱልኛል። ጠንካራው ኮላ የትኛው ነው? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ኮላውን ከመቀየርዎ በፊት እንጨቱን እንዲመለከቱ እንለምንዎታለን፤ ሳህንዎን የሚሰነጥቀው በውስጡ የቀረው ውኃ ነውና። ገና የተቆረጠ ግንድ ውኃን በሁለት መልክ ይዞ ይገኛል፤ አንዱ በቃጫዎቹ ባዶ ቦታ ውስጥ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀሰው ሲሆን ሌላው በቃጫዎቹ ግድግዳ ውስጥ ሰርጾ የተያዘው ነው። የመጀመሪያው ሲወጣ እንጨቱ ክብደቱ ይቀንሳል እንጂ ቅርጹ አይለወጥም። የእርጥበቱ መጠን ከደረቁ እንጨት ክብደት ከ28 እስከ 30 በመቶ ወደሚሆነው ደረጃ ሲወርድ ግን የሁለተኛው ውኃ ተራ ይደርስና እንጨቱ መኮማተር ይጀምራል። መኮማተሩም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ የግንዱን ቀለበቶች ተከትሎ የሚኮማተረው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ሲሆን በግንዱ ቁመት በኩል ያለው ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አንዱ አቅጣጫ ሌላውን እየሳበ ይወጥረዋል፤ ውጥረቱ ከቃጫው ጥንካሬ ሲበልጥ እንጨቱ ይቀደዳል።

የተመለሱልዎትን ሳህኖች አንድ ጊዜ እያገላበጡ ይመልከቷቸው። ስንጥቆቹ በሁለት ፊት ለፊት በሚተያዩ የከንፈሩ ጎኖች ላይ፣ ማለትም ግንዱ በመጋዝ በተቆረጠበት አቅጣጫ ባሉት ጎኖች ላይ የተሰበሰቡ ሆነው ያገኟቸዋል ብለን እንጠብቃለን። በዚያ በኩል ያሉት የቃጫዎቹ አፎች ክፍት ስለሆኑ ውኃው ከሌላው ገጽ ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወጣል፤ ከንፈሩ ደርቆ ሲኮማተር ከበስተ ውስጥ ያለው ገና እርጥብ ነው። የግንዱ እምብርት በሳህኑ ውስጥ ካለ ደግሞ ስንጥቁ የማይቀር ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ግንዱን በእምብርቱ ላይ ለሁለት ይሰንጥቁት፤ ከዚያም ከእያንዳንዱ ግማሽ እምብርቱን ይዞ የሚገኘውን ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ጠርበው ይጣሉት። እንጨት እንደ ማባከን ሊመስልዎት ይችላል፤ ነገር ግን ተሰንጥቆ ከሚመለስ ሳህን ይልቅ ይህ ኪሳራው ያነሰ ነው።

ቀጥሎ ሳህኑን በአንድ ጊዜ አይጨርሱት። በእርጥቡ ሲፈለፍሉ የግድግዳውን ውፍረት የአፉን ስፋት አንድ አሥረኛ ያህል ይተዉለት፤ አፉ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግድግዳው 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ግድግዳውና መቀመጫው ተመሳሳይ ውፍረት ይኑራቸው፤ በጠራቢዎች ዘንድ በብዛት የሚታየው ጉድለት መቀመጫውን ወፍራም፣ ከንፈሩን ስስ ማድረግ ነው። የተቆረጡትን ሁለት ጎኖች በቀለጠ ሰም ይለብጧቸው። ለዚህ ንጹሕ ሰም መግዛት አያስፈልግዎትም፤ ከጠጅ ቤት የሚገኘው ሰፈፍ ቀልጦ ሲጣራ ሥራውን በሚገባ ይሠራል። ከዚያ ሳህኑን ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር በወረቀት ከረጢት ወይም በጆንያ ውስጥ አድርገው ፀሐይና ነፋስ በማያገኘው ክፍል ያስቀምጡት። በፍጥነት እንዲደርቅ ብሎ ፀሐይ ላይ ማውጣት ወይም ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ በገዛ እጅ እንደ መሰንጠቅ ይቆጠራል።

መድረቁን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ሚዛን ግን ይናገራል። ሳህኑን በኩሽና ሚዛን መዝነው ክብደቱንና ቀኑን በመቀመጫው ላይ በእርሳስ ይጻፉ። በየሳምንቱ እየመዘኑ ከሥሩ ሲጽፉ ቁጥሩ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ኋላ ቀስ እያለ ሲወርድ ያዩታል፤ ለሦስትና ለአራት ሳምንት ባለበት ሲቆም እንጨቱ ከክፍሉ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ክብ የነበረው አፍ ሞላላ ሆኖ ይገኛል፤ የተረፈው ውፍረት የሚያስፈልገውም ያንን ሞላላነት ጠርቦ ለማስተካከል ነው። በክረምት፣ በተለይ እንደ እናንተ ከተማ በሐይቅ ዳር ሲሆን፣ ጊዜው ይረዝማል፤ ትዕግሥቱን አይንሱት። መጠበቅ የማይችሉ ጠራቢዎች ገና የተፈለፈለውን እርጥብ ሳህን ለእያንዳንዱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል በፈላ ውኃ ይቀቅሉታል። ይህም ውስጣዊ ውጥረቱን ስለሚያላላ ማድረቁን ያፋጥናል፣ ስንጥቅንም ይቀንሳል። በዛገ የብረት በርሜል ውስጥ ከተቀቀለ ግን እንጨቱ ሊጠቁር እንደሚችል ይወቁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እንመለስ። ከደረቀ በኋላ ቀጭን ስንጥቅ ቢቀር እንዴት ይሞላል? የፀጉር ያህል ለቀጠነው ስንጥቅ እንደ ውኃ የሚፈሰው ቀጭኑ ሱፐር ግሉ ተመራጭ ነው፤ በራሱ እየሰረገ እስከ ጥልቁ ይገባል። ሆኖም በዙሪያው ያለውን እንጨት ከነካ የማይለቅ ጥቁር ጥላ ስለሚተው አስቀድመው የስንጥቁን ዳርና ዳር በስስ ሼላክ፣ ማለትም በአልኮል በሚሟሟ የእንጨት ቅብ፣ ይቀቡት። አንድ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነው ደግሞ መሙያ ያስፈልጋል። የራሱን የእንጨቱን ሰጋቱራ ብዙዎች ይመርጣሉ፤ ነገር ግን ከሙጫ ጋር ሲዋሐድ ሁልጊዜ ከእንጨቱ ይልቅ ይጠቁራል፣ የተደበቀ ጥገናም መስሎ ይታያል። እኛ የምንመክረው የደረቀ የተወቀጠ ቡና ነው፤ በዋንዛ ቀይ ቡናማ መልክ ላይ ንጹሕ ጥቁር መስመር ይሰጣል፤ ያ መስመር ታስቦበት የተሠራ መስሎ ስለሚታይ ለገዢው ሳይደብቁ ሊያሳዩት ይችላሉ። ስንጥቁን በቡናው ጠቅጥቀው የሱፐር ግሉ ጠብታ ያድርጉበት፤ ሲደርቅ እንደገና ጨምረው እንደገና ያጠጡት። በአንድ ጊዜ ብዙ ሱፐር ግሉ ከፈሰሰበት ይግላል፣ ዓይንና ጉሮሮ የሚቆጣ ጭስም ያወጣል፤ ስለዚህ መስኮት ይክፈቱ። ከሦስት ሚሊ ሜትር ለሚሰፋው ሁለት ተቀላቃይ ክፍሎች ያሉት ኢፖክሲ ይሻላል። ነጩ የአናጢዎች ኮላ፣ ቪናቪል የምንለው፣ ሁለት የተገጣጠሙ ገጾችን በማያያዝ አይታማም፤ ክፍተት ለመሙላት ግን አልተሠራም፤ ውኃው ሲተን ይኮማተራል፣ የሞላበትም ቦታ ቅብ አይጠጣም። ስቱኮ ደግሞ ቀለም ለሚቀባ እንጨት እንጂ ምግብ ለሚነካ ሳህን አይሆንም።

አንድ ነገር በተለይ ልብ እንዲሉ እንፈልጋለን። እንጨት ከደረቀም በኋላ በበጋ ይኮማተራል፣ በክረምት ያብጣል። ስንጥቁ በሚያዝያ ድርቅ እጅግ በሰፋበት ጊዜ በጠንካራ ሙጫ ጠቅጥቀው ቢሞሉት ሐምሌ ሲመጣ እንጨቱ ለማበጥ ቦታ ያጣል፤ መሙያውም እንደ ሽብልቅ ሆኖ ስንጥቁን ወደፊት ይገፋዋል። በሐምሌ ተዘግቶ ሳለ ቢሞሉት ደግሞ በበጋ ከጎኑ ይከፈታል። ለዚህ ነው የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ጥቂት ሳምንት መጠበቅ የሚገባው፤ ምልክቱን አልፎ ከሄደ ገና አልረጋም። መካከለኛ እርጥበት ያለባቸው ወራት፣ ማለትም መስከረም መጨረሻና ጥቅምት፣ ለጥገና ይመቻሉ። ደንበኞችዎ “እዚያው ቦታ ላይ ተከፈተ” የሚሉት በአብዛኛው ኮላው ደካማ ሆኖ ሳይሆን እርጥብ ወይም በአንድ ወቅት ጽንፍ ላይ ያለ እንጨት ስለተሞላ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ለብዙ ዓመታት ሊጥ ስታቦካበት የኖረች አንድ ትልቅ ገበቴ አለችን። አሁን ከከንፈሯ እስከ መቀመጫዋ ተሰንጥቃ ውኃ ታፈስሳለች። በጣም ስለምንወዳት መጣል አልሆነልንም። ተጠግና እንደገና ሊጥ ልታቦካ ትችላለች? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እንዲህ ያለችውን ገበቴ ለመጣል አለመቸኮልዎ የሚያስደስት ነው። ከአዲሱ ሳህን የሚለያት ግን እንጨቷ በዓመታት ሊጥ፣ ዘይትና እርሾ የጠገበ መሆኑ ነው፤ ማንኛውም ሙጫ ቅባት በጠጣ እንጨት ላይ አይዝም። ስለዚህ መጀመሪያ በሙቅ ውኃና በጥቂት ሳሙና በፍጥነት አጥበው ሳይዘፈዝፉ ያጽዷት፤ በስንጥቁ ውስጥ የደረቀውን ሊጥ በመርፌ ወይም በቀጭን ቢላዋ ያውጡ፤ ከዚያ በጥላ ሥር ለጥቂት ሳምንታት ያድርቋት። ስንጥቁን በሚሞሉበት ቀን የውስጡን ግድግዳ አሴቶን፣ ማለትም ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ፣ በነካ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁ ቢጫ ሆኖ እስከ ወጣ ድረስ ቅባቱ አልጠፋምና ደጋግመው ይጥረጉ። ይህን ሲያደርጉ እሳት በአጠገብዎ አይኑር።

ስንጥቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተከፈተ ስለሆነ ሙጫ ብቻውን አይበቃም። ገበቴዋ ስትሞላ ግድግዳው ወደ ውጭ ይገፋል፤ ያንን ግፊት የሚሸከም ማያያዣ ያስፈልጋል። በአፍሪካ ብዙ አካባቢዎች የተሰነጠቁ ቅሎችና የእንጨት ዕቃዎች በስንጥቁ ግራና ቀኝ እየተበሱ በጠፍር፣ በቃጫ ወይም በቀጭን ሽቦ ሲሰፉ ኖረዋል፤ የተሰፋ ዕቃም ከጤነኛው ያነሰ ክብር አልነበረውም። ለእርስዎ ገበቴ ስፌቱ ከከንፈሯ በታች ባለው ክፍል እጅግ ይስማማል። ቀዳዳዎቹን በቀጭን ትራፓኖ፣ ከስንጥቁ ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር ርቀው፣ በተለያዩ የቃጫ መስመሮች ላይ አድርገው ይብሱ፤ በአንድ መስመር ላይ ከተደረደሩ እነርሱው አዲስ ስንጥቅ ይወልዳሉ። የመዳብ ሽቦ ለዚህ ይመቻል፤ የብረት ሽቦ ግን በእርጥበት ይዝጋል፣ እንጨቱንም ያጠቁራል። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ስለሚኮማተር አጥብቆ ይይዛል፤ ሆኖም ሊጥ በሚነካበት ቦታ ማጽዳቱ ያስቸግራል፤ በውጭ በኩል ካልሆነ አንመክረውም።

በመቀመጫዋ በኩል የተሻለው መንገድ ሁለት ጎኖቹ ሰፊ፣ መካከሉ ጠባብ የሆነ፣ ቢራቢሮ የመሰለ ቁልፍ ከጠንካራ እንጨት ጠርቦ ስንጥቁን ተሻግሮ እንዲቀመጥ በውጭ በኩል መክተት ነው። ወይራ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሲወጠር አይላላም። ቁልፉ የሚገባበት ጉድጓድ ከግድግዳው ውፍረት ግማሽ ያህሉን ብቻ ይግባ፤ የቁልፉም ቃጫ ስንጥቁን አቋርጦ እንዲሄድ ይሁን። በዚህ ሥራ ልምድ የሌለው ሰው ራሱ ከሚሞክረው ለጥሩ አናጢ ቢሰጥ እንመርጣለን። ቁልፉ ከገባ በኋላ ስንጥቁን በኢፖክሲ ይሙሉትና በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሙሉ የመጠንከሪያ ጊዜ ይጠብቁ፤ ምግብ ሊነካ እንደሚችል በማሸጊያው ላይ በግልጽ ያልተጻፈበትን ዓይነት ግን አይጠቀሙ።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ለቀጭን ሊጥ፣ ለምሳሌ ለጤፍ እንጀራ ሊጥ፣ እንድትጠቀሙባት አንመክርም። ውኃው ቀን ሙሉ ሲያርፍባት እንጨቷ ያብጣል፣ ስትደርቅ ይኮማተራል፤ ጥገናው በእያንዳንዱ ዙር ይጎዳል። በስንጥቁ ውስጥ የተረፈ እርጥበትም ሻጋታ ይይዛል። ለዳቦ ጠንካራ ሊጥ፣ ለአጭር ጊዜ ከሆነ ይቻላል፤ ለዱቄት፣ ለቆሎ፣ ለዳቦ ማቅረቢያ ከሆነ ደግሞ ምንም ስጋት አይኖርም። ወጪው ከፍ ካለብዎት፣ ለደረቅ ነገር ብቻ ልትጠቀሙባት ከወሰናችሁም፣ ስንጥቁን በቀለጠ ንጹሕ የንብ ሰም ሞልቶ መተው ይበቃል፤ ሰሙ ለስላሳ ስለሆነ እንጨቷ ስትንቀሳቀስ አይከለክላትም፣ ሲያረጅም ፍቆ መተካት ይቻላል።

ጥያቄ፦ የእንጨት ሳህንና ማንኪያ ለቱሪስቶችና ለካፌዎች አቀርባለሁ። ቫርኒሽ ስቀባቸው ያብረቀርቃሉ፣ ገዢም ይወዳቸዋል፤ ካፌዎቹ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ተላጠ ይላሉ። የምግብ ዘይት ስቀባ ደግሞ ይጣበቃል፣ ይሸታል። ምን ልቀባ? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቅብን ከመምረጥዎ በፊት ሳህኑ ምን እንደሚያዝ ይወስኑ፤ ለፍራፍሬ ማስቀመጫ የሚስማማው ለሰላጣ፣ ለሰላጣ የሚስማማውም ትኩስ ወጥ ለሚፈስበት አይሆንም። ቫርኒሽ በእንጨቱ ላይ ገለፈት ሆኖ የሚቀመጥ ነው። እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ገለፈቱ አብሮ ለመሄድ ይቸገራል፤ ሹካና ቢላዋ ሲጭረው ደግሞ ውኃ በጭረቱ ገብቶ ከሥሩ ይተኛል፣ ነጭ ይሆናል፣ ይላጣል። የካፌዎቹ አቤቱታ ትክክል ነው። ቫርኒሽን ለጌጥና ለደረቅ ነገር ማስቀመጫ ብቻ ያውሉት፤ ከቀቡትም በኋላ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ፣ አንድ ወር ያህል፣ ሳይሸጡ ያቆዩት። ሼላክም መልኩ ያማረ ቢሆንም አልኮል ያሟሟዋል፣ ሙቀት ነጭ ክብ ይተውበታል፤ አረቄ ለሚቀዳበት ጽዋ ፈጽሞ አይሆንም።

የምግብ ዘይት የሚጣበቅበት ምክንያት በዘይቶች መካከል ባለው ልዩነት ነው። አንዳንድ ዘይቶች ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕደው ወደ ጠጣርነት ይለወጣሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ከተልባ የሚገኘው ዘይት ነው። የወይራ ፍሬ ዘይት ግን ፈጽሞ አይደርቅም፤ እንጨቱ ውስጥ እንዳለ ይበላሻል፣ ይከረፋል። ኑግና ሱፍ ደግሞ በመካከል ያሉ ናቸው፤ መድረቅ ጀምረው ሳይጨርሱ ስለሚቀሩ አቧራ የሚይዝ ሙጫ የመሰለ ገጽ ይተዋሉ። እርስዎን የገጠመዎ ይህ ነው። አሁን የተጣበቁብዎትን ሳህኖች አሴቶን ወይም አልኮል በነካ ጨርቅ ጠርገው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ከመጀመሪያው ይጀምሩ።

ለካፌ ሳህን የምንመርጠው ለምግብነት የተጨመቀ ጥሬ የተልባ ዘይት ነው። ከቀለም መደብር የሚሸጠውን “የተፈላ” የሚባለውን የተልባ ዘይት ግን ለምግብ ዕቃ አይውሰዱ፤ ቶሎ እንዲደርቅ የብረት ውሑዶች ይጨመሩበታልና። ጥሬው ዘይት ዘገምተኛ ነው፤ አንዱ ንብርብር ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ይፈልጋል፤ ብርድና እርጥበት ባለበት ጊዜ ደግሞ ይብስበታል። አቀባቡ እንዲህ ነው። ሳህኑን በ120፣ በ180፣ በ240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቃጫውን ተከትለው ያለስልሱ። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አሳልፈውበት ይድረቅ፤ ሲደርቅ ገጹ እንደ ገና ሲሻክር በመዳፍዎ ይሰማዎታል፤ የተኙት ጥቃቅን ቃጫዎች ውኃ ሲያገኛቸው ቆመዋልና። እነርሱን በ320 ቁጥር ቀለል አድርገው ያንሷቸው። ይህን ያላደረገ ሰው ካፌው ሳህኑን አንድ ጊዜ እንዳጠበው ሸካራ ሳህን ተሸጠልኝ ይባላል። ዘይቱን ይቀቡና እንጨቱ የሚጠጣውን ያህል ሩብ ሰዓት ይጠብቁ፤ የተረፈውን በሙሉ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። በገጹ ላይ የቀረ ዘይት ነው የሚጣበቀው። ሦስት ወይም አራት ስስ ንብርብር ይበቃል፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ግን አይታጠርም። መጨረሱን ለማወቅ የውኃ ጠብታ ያኑሩበት፤ ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ ደርሷል፣ ከሰረገና ጥቁር ጥላ ከተወ ገና ነው።

አደራ የምንለው ነገር አለ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማልቆ ከተጣለ ዘይቱ ሲደርቅ የሚያወጣው ሙቀት መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ሰጋቱራና ፍቅፋቂ ባለበት የእንጨት ቤት ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል። ጨርቁን ሥራ እንደ ጨረሱ ወዲያው ከቤት ውጭ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ይንከሩት። ረዳት ካለዎትም በመጀመሪያው ቀን ሊማር የሚገባው ይህንኑ ነው።

ቶሎ ለሚፈለግ ዕቃ ሌላ መንገድ አለ። ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ንጹሕ የፓራፊን ዘይት አይደርቅም፣ አይበላሽምም፤ አንድ እጅ የንብ ሰም በአራት እጅ የፓራፊን ዘይት በክብደት መዝነው፣ በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ጎድጓዳ ዕቃ አቅልጠው ቢያዋሕዱት ጥሩ ቅባት ይወጣዋል። በቀጥታ እሳት ላይ አያቅልጡት። ለብ እንዳለ ይቀቡት፣ ያሳድሩት፣ በማግሥቱ በጥጥ ጨርቅ ያብሱት፤ ልዝብ የሆነ ገጽና ደስ የሚል የሰም መዓዛ ይሰጣል። ድክመቱ እየታጠበ መውጣቱ ነው፤ ስለዚህ ካፌው በየወሩ እንዲቀባው ትንሽ ብልቃጥ አብሮ ቢሸጥለት ለሁለታችሁም ይጠቅማል። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ስለሚቀልጥ ይህ ቅባት ለትኩስ ወጥ አይሆንም። ለትኩስ ምግብ የተልባ ዘይቱን ይምረጡ፤ በሱፐር ግሉ ወይም በኢፖክሲ የተጠገነ ሳህን ደግሞ የሚፋጅ ምግብ እንዳይቀርብበት ለገዢው አስቀድመው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ የወተት ዕቃ በወይራ እንደሚታጠነው የእንጨት ሳህንም ቢታጠን ከቅብ ይቆጠርለታል? ስንጥቅስ ይከላከላል? (አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የወይራ ጢስ መዓዛ ይሰጣል፣ ከጢሱ ጋር የሚወጡ ንጥረ ነገሮችም ተሕዋስያንን ይቀንሳሉ፤ የእናቶቻችን ልማድ በደንብ የታሰበበት ነው። ነገር ግን ጢስ ውኃን አያግድም፤ ስለዚህ የቅብን ሥራ አይሠራም። ስንጥቅንም አይከላከልም፤ እንዲያውም ፍሙ በዕቃው ውስጥ ብዙ ከቆየ የውስጡን ገጽ ከውጩ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያደርቀው ስንጥቅ ሊያመጣ ይችላል። ማጠን ከወደዱ ዕቃው በሚገባ የደረቀ ይሁን፣ ፍሙ ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ይሁን። በሰም የተቀባ ዕቃ አይታጠንም፤ በሱፐር ግሉና በኢፖክሲ የተጠገነም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ በክረምቱ ወደ አገር ቤት ስሄድ የገዛሁት የዋንዛ ሳህን ወደ ቨርጂኒያ ይዤው ከመጣሁ በኋላ በታኅሣሥ ወር በአንድ ሌሊት ተሰነጠቀ። የሸጠልኝ ሰው አታሎኛል ማለት ነው? ዘይት ብቀባው ይዘጋ ይሆን? (አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ሻጩን ለመውቀስ አይቸኩሉ። እንጨት ከሚኖርበት አየር ጋር የሚመጣጠን እርጥበት ይይዛል፤ የአየሩ እርጥበት 65 በመቶ ሲሆን እንጨቱ 12 በመቶ ገደማ ላይ ይረጋል፣ 30 በመቶ ሲሆን ደግሞ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ሳህኑን የገዙት ዝናብ በሚበዛበት ወቅት ነው፤ በእናንተ አካባቢ ደግሞ በቀዝቃዛው ወራት ማሞቂያ ሲከፈት የቤት ውስጥ አየር እጅግ ይደርቃል። ለባለሙያው በደንብ የደረቀ የነበረ ሳህንም በእናንተ ሳሎን ውስጥ ገና እርጥብ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ ይዘው የሚመጡትን ሌላ ዕቃ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በወረቀት ከረጢት ውስጥ ዘግተው፣ ከማሞቂያው አፍና ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቀው ያቆዩት።

ዘይት ስንጥቅ አይዘጋም፤ እንዲያውም አሁን ቢቀቡት በኋላ ሙጫ እንዳይዝ ያደርጋል። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም አይገባም። ሳህኑን በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ሳህኑን ከማይነካ እርጥብ ጨርቅ ጋር አድርገው ለጥቂት ቀናት ይዝጉት፤ በየቀኑ ይመልከቱት፣ ሻጋታ እንዳይዝ። ስንጥቁ ሲጠብ ያዩት ይሆናል። ከዚያ አውጥተው በወረቀት ከረጢት ቀስ ብሎ ይላመድ። በእናንተ ዘንድ በጋው ወበቅና እርጥበት ያለው፣ የብርዱ ወራት ደግሞ ደረቅ ስለሆነ ለመሙላት የሚመቹት ሚያዝያና ጥቅምት ናቸው፤ የቤትዎ የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ በሚሆንበት ጊዜ ማለት ነው፤ ይህን የሚለካ ርካሽ መሣሪያ በቀላሉ ይገኛል። እስከዚያ ድረስ የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበትና ዳቦ ወይም ፍራፍሬ ያስቀምጡበት። ጊዜው ሲደርስ ከላይ ለባሕር ዳሩ አንባቢ በጻፍነው መንገድ በቡናና በሱፐር ግሉ ይሙሉት፤ ቅቡንም ከዚያ በኋላ፣ ሙጫው በሚገባ ሲጠነክር ያድርጉት።